የጠፋ ጽሑፍ እንዴት ይመለሳል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በብራና ዘመን የተነገረ ነው። ብራናን አይጥ ሊበላው፣ እሳት ሊያገኘው ይችላል እንጂ ጄኔሬተር ስለቆመ አይጠፋም። ዛሬ በካኩማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ብዙውን ነገር የምንጽፈው በጋራ ኮምፒውተር፣ በፍላሽና በሞባይል ስልክ ላይ ነው። ከሳምንታት ድካም በኋላ መብራት ድርግም ሲል፣ ወይም ፍላሹ ሲሰካ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ሲል፣ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አላለቀለትም። ለዝግጅት ክፍላችን በዚህ ጉዳይ የሚቀርቡት ጥያቄዎች እየበዙ በመምጣታቸው በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ለማብራራት ወደድን።

የሚጠፋው ነገር ተራ ነገር አይደለም። ለአንዱ፣ ከአገሩ ለምን እንደወጣ ለሚመለከተው ክፍል ሊያቀርብ ያዘጋጀው የብዙ ገጽ ቃል ነው። ለሌላዋ በርቀት ለምትከታተለው ትምህርት ነገ የምታስረክበው የቤት ሥራ ነው። አንድ አዛውንት በመንገድ የቀሩትን ባልንጀሮቻቸውን ስም ከነትውልድ ቀያቸው ጽፈው አስቀምጠው ይሆናል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንደገና ሲጻፍ የመጀመሪያውን አይሆንም፤ ስም ይዘለላል፣ ቀን ይዛነፋል፣ አንዳንዱን ነገር ደግሞ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሊያነሳው አቅም ያጣል። ስለዚህ «እንደገና ጻፈው» ከማለት በፊት ያለውን መፈለግ ይገባል።

መጀመሪያ እጅን መሰብሰብ

ጽሑፍ የጠፋበት ሰው በድንጋጤ የሚያደርገው ነገር ከመጥፋቱ ይልቅ ይጎዳዋል። ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አንድን ፋይል «ሲያጠፋ» በርግጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩን በምናውቀው እንመስለው። በመጠለያ ጣቢያችን እያንዳንዱ ቤተሰብ በመዝገብ ላይ ስሙ፣ ብሎኩና የቤት ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ቤተሰብ ከመዝገቡ በስሕተት ቢሰረዝ ያን ዕለት ከቤቱ አይጠፋም፤ ቤቱ ውስጥ እንዳለ አለ። ችግሩ የሚመጣው መዝገብ ያዡ «ይህ ቤት ባዶ ነው» ብሎ ሌላ ቤተሰብ ሲያስገባበት ነው። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። ፋይል ሲሰረዝ የሚሰረዘው በአብዛኛው በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው፤ ጽሑፉ ራሱ በዲስኩ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ፋይል መጥቶ ቦታውን እስኪይዝበት ድረስ ይቆያል። ስለሆነም ጽሑፍ በጠፋበት ፍላሽ ላይ ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር መጻፍ አይገባም። ዘፈን መገልበጥ፣ ፎቶግራፍ መጫን፣ ሌላው ቀርቶ የመፈለጊያ ፕሮግራሙን ራሱን እዚያው ላይ ማስገባት ሌላ ቤተሰብ አምጥቶ ማስፈር ማለት ነው።

«ፎርማት ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አይ» ነው። «ስካን አድርጌ ላስተካክል?» ለሚለውም ቢሆን ጽሑፉ እስኪወጣ ድረስ «አይ» ይበሉ። አንድ ሰው ቸኩሎ ፎርማት አድርጎት ከሆነም ገና ተስፋ አለ። ፈጣኑ ፎርማት የሚያነሳው መዝገቡን ብቻ ነው። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ በዲስኩ ላይ ሁሉ ዜሮ እየጻፈ ስለሚሄድ ከሱ በኋላ የሚገኝ ነገር የለም።

ጠፍቶ ሳይሆን ተደብቆ

በእኛ አካባቢ «ፋይሌ ጠፋ» ተብሎ ከሚመጣው ፍላሽ ውስጥ ብዙው የሾርትከት ቫይረስ የያዘው ነው። ይህ ቫይረስ ከአንዱ የሳይበር ኮምፒውተር ወደ ሌላው በፍላሽ እየተጓዘ፣ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ደብቆ በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸውን ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቱን በከፈተ ቁጥር ቫይረሱን ያስነሳዋል። ጽሑፉ ግን ከነሙሉ አካሉ እዚያው ፍላሽ ላይ አለ።

ሾርትከቱን አይንኩ። በዊንዶውስ «ቪው» በሚለው ሥር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምልክት ማድረግ፣ ቀጥሎም በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። ሁለተኛውን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን እንደ ሲስተም ፋይል አድርጎ ስለሚደብቃቸው የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉንም ሰብስቦ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል። ከተገኙ በኋላ ጽሑፎቹን ብቻ ለይቶ ወደ ንጹሕ ቦታ መገልበጥ ነው፤ የማያውቁትን ነገር አብሮ መገልበጥ ቫይረሱን ማዛመት ይሆናል።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። የወርድ ጽሑፍ ክፍት ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ በኋላ የተደበቁ ፋይሎች ሲታዩ ስሙ በሞገድና በዶላር ምልክት የሚጀምር አንድ ትንሽ ፋይል ይገኛል። ብዙ ሰው «ይኸው ጽሑፌ!» ብሎ በሱ ሲደክም ይውላል። በውስጡ ያለው ግን ጽሑፉን ማን ከፍቶት እንደነበር የሚያመለክት ስም ብቻ ነው፤ መጠኑም ከአንድ ኪሎባይት ያነሰ ነው። እሱን ይተዉት።

ወርድ ራሱ ያስቀመጠው ቅጂ

ማይክሮሶፍት ወርድ ሰውየው ሳያዘው በየጊዜው ቅጂ ያስቀምጣል። ካልተቀየረ በስተቀር በየ10 ደቂቃው ነው። ኮምፒውተሩ በድንገት ጠፍቶ እንደገና ሲነሳና ወርድ ሲከፈት በግራ በኩል የተረፉትን ጽሑፎች ዝርዝር ያሳያል። ይህ ዝርዝር ሲመጣ ሳያነቡ መዝጋት አይገባም። እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት፣ የሚፈለገውንም በሌላ ስም ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዝርዝሩ ካልመጣ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ዶኩመንት» በሚለው ሥር ያልተቀመጡ ጽሑፎችን መልስ የሚል ትእዛዝ አለ። ይህ በተለይ «ሴቭ ላድርገው?» ሲባል ተሳስቶ «አይ» ላለ ሰው የሚረዳ ነው። ወርድ እነዚህን ቅጂዎች የሚይዛቸው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ሳምንት ጠብቆ መምጣት ዋጋ የለውም።

ከዚህ ሌላ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የተሻለ ነገር አለ። በወርድ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ ላይ፣ ሴቭ ስለማድረግ በሚናገረው ክፍል ሁልጊዜ መጠባበቂያ ቅጂ ይሠራ የሚል ሣጥን ይገኛል። ይህ ምልክት ከተደረገበት፣ አዲስ ነገር ጽፈው ሴቭ ባደረጉ ቁጥር የፊተኛው ቅጂ በዚያው ፎልደር ውስጥ «ባካፕ ኦፍ» በሚል ቃል ጀምሮ የጽሑፉን ስም ይዞ ይቀመጣል። ለምሳሌ ግማሹን ጽሑፍ በስሕተት አጥፍተው ሴቭ ካደረጉት፣ በየ10 ደቂቃው የሚያዘው ቅጂ ላይረዳዎት ይችላል፤ ይኼኛው ግን ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ይዞ ይጠብቃል። አንድ ቅጂ ወደ ኋላ ብቻ ስለሚሄድ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሴቭ ካደረጉ ያም ይተካል። ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለሚጽፉም ተመሳሳይ ምርጫ በ«ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ ሴቭ» ውስጥ ይገኛል።

ጽሑፉ ተገኝቶ አልከፈትም ካለስ? የዛሬው የወርድ ፋይል በርግጥ አንድ ነጠላ ነገር አይደለም፤ ታጥፎ የታሰረ ጥቅል ነው። ቅጂውን ወስዶ የስሙን ቅጥያ ወደ «ዚፕ» ቢለውጡት እንደ ጥቅል ይከፈታል። በውስጡ «ወርድ» የሚባል ፎልደር አለ፤ በዚያ ውስጥ «ዶኩመንት» የሚባለው ፋይል ዋናውን ጽሑፍ ይዟል። ሲከፈት በማእዘን ቅንፎችና በእንግሊዝኛ ትእዛዞች የተጥለቀለቀ ነው፤ በመካከሉ ግን አማርኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማጥራቱ አሰልቺ ነው። የሦስት ወር ሥራ ከማጣት ግን የአንድ ቀን አሰልቺነት ይሻላል እንላለን።

የጋራ ኮምፒውተር ጠባይ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአንዳንድ የማሠልጠኛና የሳይበር ኮምፒውተሮች ላይ አይሠራም። ምክንያቱም እነዚህ ኮምፒውተሮች በቫይረስ እንዳይበላሹ እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያለ ፕሮግራም ስለሚጫንባቸው ነው። ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ዲስኩን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልሰዋል። በቀኑ ውስጥ በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ፣ ወርድ በየ10 ደቂቃው የያዘውን ቅጂ ጨምሮ፣ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ወርድ ተንጠልጥሎ አልንቀሳቀስ ቢል ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት የመጨረሻው መጥፎ ርምጃ ነው። መጀመሪያ ጠባቂውን መጥራት፣ ወርድን ብቻ ዘግቶ እንደገና መክፈት፣ የተረፈውን ቅጂ ወደ ፍላሽ ማውጣት፣ ከዚያ ብቻ ማጥፋት ይገባል። ለመሥራት ሲቀመጡም «ይህ ኮምፒውተር ሲጠፋ የተቀመጠውን ይይዛል ወይ?» ብሎ ጠባቂውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከተሰረዘ ፍላሽ ማውጣት

ከኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል በመጀመሪያ የሚገባው ሪሳይክል ቢን ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ማንሳት ይቻላል። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ግን እዚያ አይገባም፤ በቀጥታ ከመዝገብ ይሰረዛል። ለዚህ የሚሆኑ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ሪኩቫ ለዊንዶውስ የተሠራ ቀላል ፕሮግራም ነው። ፎቶሬክ የሚባለው ደግሞ ስሙ ስለ ፎቶግራፍ ይናገር እንጂ ጽሑፍም ያወጣል። ሁለቱ በአሠራር ይለያያሉ። የመጀመሪያው የተሰረዘውን መዝገብ ለማንበብ ስለሚሞክር ፋይሉን ብዙ ጊዜ ከነስሙ ያመጣል። ሁለተኛው መዝገቡን ትቶ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየቃኘ «ይህ የወርድ ፋይል መጀመሪያ ይመስላል» ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። በመሆኑም መዝገቡ ፈጽሞ በተበላሸበት ፍላሽ ላይ የሚረዳው እሱ ነው፤ ነገር ግን የሚያመጣቸው ፋይሎች ስማቸው በቁጥር ብቻ የተጻፈ ስለሚሆን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ከስምንት መቶ ፋይል ውስጥ የራስን ጽሑፍ መፈለግ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። በመጠንና በዓይነት ከፋፍሎ መጀመር ያቀላል።

የወጣው ፋይል የሚቀመጠው በሌላ ፍላሽ ወይም በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንጂ እዚያው ላይ አይደለም። ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል። ምናልባት ቀደም ሲል ሌላ ሰው ፍላሹን «አስተካክሎት» ከሆነ «ፋውንድ» የሚል ስምና ዜሮ ቁጥሮች ያሉት የተደበቀ ፎልደር ይፈልጉ። በውስጡ ያሉት ቁርጥራጮች ቅጥያቸው ወደ ወርድ ሲለወጥ አንዳንዶቹ ይከፈታሉ።

ወሰኑንም መናገር ይገባናል። በአዳዲስ ላፕቶፖች ያለው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ባዶ የተባለውን ቦታ ወዲያውኑ የሚያጸዳ ስለሆነ ከሱ ላይ የተሰረዘ ነገር የሚገኘው በጥቂቱ ነው። በዛሬዎቹ ስልኮች ውስጥ ያለው ማስታወሻም በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ፣ «ከስልክ የተሰረዘውን በገንዘብ እመልሳለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ጠርጥረው ይስሙት። ለስልክ የሚበጀው ቀድሞ የተላከ ወይም የተቀመጠ ቅጂ መፈለግ ነው።

ሣጥን፣ ጥያቄ ምልክትና ባዕድ ፊደል

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመጣለን። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ፋይሉን ካገኘ አነበበው ማለት ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ፋይሉን አግኝቶ ስለማይነበብ ብቻ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። የማይነበብ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። በምን ዓይነት እንደማይነበብ መለየት ያስፈልጋል።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ከተደረደሩ ጽሑፉ ሙሉ ነው፤ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ሥዕሉን መሣል አቅቶት ነው። ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ሲጫን፣ ወይም ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲወሰድ ወዲያው ይነበባል።

ከላይዋ ጭረት ያላት የላቲን ትንሿ «ኤ» በየሦስተኛው ምልክት እየተደጋገመች ከታየችም ደስ ሊልዎት ይገባል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት አንድ ነው፣ እሱም በላቲን ሲነበብ ያቺ ጭረት ያላት ፊደል ይሆናል። ስለዚህ መደጋገሟ አማርኛው ሳይነካ እንዳለና ፕሮግራሙ በተሳሳተ ቁልፍ እንደከፈተው ምልክት ነው። ሴቭ ሳያደርጉ ዘግተው፣ እንደገና ሲከፍቱ «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን መምረጥ ነው።

የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከተደረደሩ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ይህ የሚሆነው አማርኛው ፊደላችንን በማያውቅ አሮጌ አጻጻፍ ሴቭ ሲደረግ ነው፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል ወርውሮ በምትኩ አንድ የጥያቄ ምልክት ጽፏል። ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም። ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ቀደመው ቅጂ መሄድ ያዋጣል።

አራተኛው ዓይነት የቆዩ ስደተኞችን የሚመለከት ነው። ከመካከላችን በ1990ዎቹ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ወይም የግጥም ስብስብ በዲስኬት ወይም በሲዲ ይዘው የቆዩ አሉ። ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላት፣ የነጥቦችና የምልክቶች ቅልቅል ነው። ይህም አልተበላሸም። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር ይጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነሱም የአማርኛውን ሥዕል በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መሆኑን ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። አንድ ፎንት ደግሞ ከ256 የሚበልጥ ወንበር አልነበረውም፣ ከዚያም ላይ ሁሉም አይለቀቅም። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ሏ»ና «ቋ»፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በሁለት ፎንት ይከፍለው፣ ሌላው ደግሞ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ይገጣጥመው ነበር። እያንዳንዱም የራሱን አቀማመጥ ስለተከተለ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም።

እንዲህ ያለ ፋይል ሲያገኙ ፎንቱን አይለውጡ፤ ሴቭም አያድርጉ። ጽሑፉን መርጠው የፎንቱን ስም ያንብቡ፤ በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ የሚናገረው ያ ስም ነው። ያው ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይነበባል። ወደ ዛሬው ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከለወጡ በኋላ ግን አሮጌውን ፋይል መጣል አይገባም። መለወጫዎቹ «ጸ»ና «ፀ»ን፣ ነጥቦቹንና ዲቃላ ፊደላቱን አልፎ አልፎ ስለሚያሳስቱ ከአሮጌው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ዲስኬት ለያዙም፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስኬት ማንበቢያ ስላለ ዲስኬቱን አይጣሉት። በሙቀትና በአቧራ መካከል በቆየ ቁጥር ግን የመነበብ ዕድሉ እየቀነሰ ነው።

ሌላ ሰው እጅ ያለ ቅጂ

ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የሚገኘው በጠፋበት ቦታ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። ለወዳጅ በዋትስአፕ ተልኮ ይሆናል፤ በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። በቴሌግራም የተላከ ፋይል፣ ላኪውም ሆነ ተቀባዩ ካላጠፋው በስተቀር፣ ስልኩ ቢሰረቅም አካውንቱ በሌላ ስልክ ሲከፈት ይገኛል። በኢሜይል ከተላከ «ሴንት» በሚለው ውስጥ ቅጂው አለ። በጉግል ዶክስ ለሚጽፉ ደግሞ የጽሑፉ የቀድሞ መልኮች በ«ቨርዥን ሂስትሪ» ውስጥ ስለሚቀመጡ የትናንቱን መልሶ ማምጣት ይቻላል። በጉግል ድራይቭ የተጣለ ፋይል በመጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆያል።

በብዙ ሰው እጅ መበተን ጽሑፍን እንደሚያድን ከአገራችን ታሪክ አንድ ምስክር አለ። አቶ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስረው ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የተረጎሙት በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነበር። ብጣሾቹ 3000 ያህል ነበሩ። በፓኮ ውስጥ እየተሸሸጉ ከእስር ቤቱ ወጡ፤ ከተፈቱም በኋላ ብጣሾቹ ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። እኛ ዛሬ የምንበትነው በፍላሽና በስልክ ስለሆነ ሥራው እጅግ ቀሏል፤ ሁለት ፍላሽ ገዝቶ አንዱን በሌላ ብሎክ ባለ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦርሳ መያዝ ግን ቦርሳው የጠፋ ዕለት አንድ ፍላሽ እንደመያዝ ነው።

ለሌላ ሰው ደግሞ እንዳይገኝ

እስካሁን የጠፋ ጽሑፍ እንዴት እንደሚገኝ አየን። እርስዎ ያገኙትን ግን ሌላ ሰውም ሊያገኘው ይችላል። በሳይበር ኮምፒውተር ላይ ጽፈው ሰርዘው የሄዱት ቃል፣ የቤተሰብዎን ስምና ከአገር የወጡበትን ምክንያት የያዘው፣ በዚያ ዲስክ ላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የተሰረዘበትን ፍላሽ ለሌላ ሰው በስጦታ መስጠትም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው በፍላሽ ላይ ብቻ መጻፍ፣ በወርድ «ኢንፎ» ሥር በሚገኘው «ፕሮቴክት ዶኩመንት» የይለፍ ቃል መስጠት ይመከራል። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ጽሑፉን እንዳጣው ይቁጠረው፤ በሚያምኑት ቦታ በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡት። ፋይል እንዲመለስልዎት ለማታውቁት ባለሙያ ፍላሽ ሰጥቶ መሄድም አይገባም። ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ፤ ሲጨርስም የወጣው ቅጂ በሱ ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር ፊት ለፊትዎ ያስጠፉት። ፍላሹን ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ በሙሉው ፎርማት ያጽዱት።

የተመለሰውን ማንበብ

ጽሑፉ ከተገኘ በኋላ ወዲያው አትሞ ማስረከብ ያስቸግራል። የተገኘው የመጨረሻው ቅጂ ላይሆን ይችላልና። ፋይሉ ላይ የሚታየው ቀን ሁልጊዜ አይታመንም፤ ውስጣዊ ባትሪው የደከመ አሮጌ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ቀኑን ወደ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በዚያ ላይ የተጻፈ አዲስ ጽሑፍም ከአሮጌው በፊት የተጻፈ ይመስላል። ከቀኑ ይልቅ ይዘቱን ማመሳከር ይሻላል። መጨረሻ ላይ ጨመርኩት የሚሉት አንቀጽ በውስጡ አለ ወይስ የለም?

ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ቃል ከሆነ ደግሞ ያስረከቡትን ቅጂ ለይቶ፣ የተረከበውን ክፍልና ቀኑን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከጠፋ በኋላ በማስታወስ እንደገና የተጻፈውና በኋላ የተገኘው ሁለቱም ካሉ ያነጻጽሯቸው፤ ልዩነት ካለ ለሚመለከተው ሠራተኛ ወይም ለሕግ አማካሪ በግልጽ ይናገሩ። «የመጀመሪያው ጠፍቶብኝ በማስታወስ ጻፍኩት» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ልዩነቱ ሳይነገር ቆይቶ በሌላ ሰው ሲታይ ግን ለማስረዳት ይከብዳል።

በተለይ ቀኖቹን ይመልከቱ። በአማርኛ የጻፍነው ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተተረጎመው ደግሞ በፈረንጅ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. 1991 ነው፤ መስከረም 1984 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ያው 1991 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ነው። በተመለሰው ጽሑፍ ውስጥ ከየዓመቱ አጠገብ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በእጅም ቢሆን ይጻፉበት። ተርጓሚው ምልክቱን ካላገኘ ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጠዋል፣ ያኔ ሰውየው ከተያዘበት ዓመት ስምንት ዓመት ቀድሞ ታሰረ ተብሎ ይጻፋል።